ስለ ምግብ ቤቶቻችን መስተንግዶና ስለ ጉርሻ ጭቅጭቅ

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ካርቱም ላይ የተጀመረ ማኅበር፣ አባላቱ ካርቱምን ለቀው ከተበተኑ በኋላ ለኢዮቤልዩ መብቃቱ ቀላል ነገር አይደለም። አዘጋጆቹ ስለ ማኅበሩ ታሪክ እንድንናገር ጠይቀውን ነበር። ታሪኩን ከእኛ የተሻሉ ሰዎች ስላቀረቡት፣ እኛ የሱቅ ሰዎች ወደ ሆድ ነገር እንመለሳለን። ስለ ምግብ ቤቶቻችን ነው የምንናገረው። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ በሽማግሌ ፊት ከቀረቡት ጠቦች ስንቱ ከምግብ ቤት እንደ ተነሣ እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቃላችሁ። የትዳርና የቤት ኪራይ ጠብ ይበልጥ ይሆናል፤ ከዚያ ቀጥሎ ግን የመስተንግዶና የጉርሻ ጠብ ነበር።

ደይም፣ ጀሪፍ፣ ሰሃፋ፣ ሐበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ ምግብ ቤት ነበረን። አርብ የሥራ ዕረፍት ስለሆነ አርብ አርብ ቦታ አይገኝም ነበር። ሱዳኖቹም ይመጡ ነበር፤ ወጣችንን ሁሉ «ዝግኒ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ ሽሮ ቢቀርብላቸውም ዝግኒ ነው። እንግዲህ እውነቱን እንናገር ከተባለ መስተንግዷችን የሚያስመሰግን አልነበረም። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምግብ አሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወጥ ቤት ያለው ሦስት ነው። ጥብስ ስትል «አልቋል»፣ ክትፎ ስትል «አልቋል»፣ ታዲያ ምን አለ ስትል ደግሞ «ልጠይቅ» ብላ ሄዳ የማትመለስ አለች። ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግና ከበፊቱ ብሶ ይቀራል። እንጀራው የሚጋገረው በአንድ ምጣድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እሱም ይቆማል። ጤፉ በመተማ በኩል እስኪገባ ድረስ በማሽላ ይደባለቃል፤ ዋጋው ግን የንጹሕ ጤፍ ነው።

እኛስ ምን ዓይነት ደንበኞች ነበርን? በአንድ ቡና ከቀትር እስከ ማታ የምንቀመጥ። «እስከ ደመወዝ ጻፊልኝ» የምንል። ልጅቷን በእጃችን እያጨበጨብን የምንጠራ። ሱዳናዊው እንኳ «ያ ኡኽቲ» ብሎ እህቴ ብሎ ነው የሚጠራት። ሱዳናዊ ጓደኛ ሲጋብዘን በልግስናው እንገረማለን፤ ሒሳቡን እኔ ካልከፈልኩ ሚስቴ ትፈታ ብሎ እስከ መማል ይደርሳል። ወደ ራሳችን ቤት ስንመጣ ግን እጃችን ያጥራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በአገራችን ቋንቋ በእጅ የሚጎረሰው እንጀራና ለአስተናጋጅ የሚተወው ገንዘብ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ጉርሻ ነው። ጉርሻ አጉራሹ ወዶ የሚሰጠው ነው። ሱዳን ውስጥ ደግሞ በገንዘብ ጉርሻ መስጠት ብዙም ልማድ አይደለም። ፉል ሻጩ ጋ መልስ ትተን ስንሄድ የረሳን መስሎት ከኋላ የተከተለን ጊዜ አለ። በደጉ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አስተናጋጅ የሚያገኘው ጉርሻ አብዛኛው ከመጠጥ የሚመጣ ነበር፤ ሞቅ ያለው ሰው እጁ ይፈታል። ሱዳን ግን እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ መጠጥ በሸሪዓ ሕግ የተከለከለ ስለ ነበር የሐበሻ ምግብ ቤት ሒሳብ ወጥና ለስላሳ ብቻ ነው። በፔፕሲ የሚለግስ ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ከሚያስተናግዱን ልጆች ስንቶቹ ደመወዝ እንደ ነበራቸው ጠይቀን እናውቃለን? ብዙዎቹ የሚያገኙት ማደሪያና የሚበሉትን ብቻ ነበር። «ጉርሻው ይበቃሻል» ተብለው ነው የሚቀጠሩት። አዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ቢያንስ ሒሳቡ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ጨምረው ይጽፋሉ፤ እሱም ለሠራተኛው ይደርሳል አይደርስም እያለ ሰው ይከራከራል። የእኛዎቹ ያም የለም። ስለዚህ እንግዳው ወድዶ ይሰጣል የተባለው ነገር የልጅቷ ደመወዝ ሆኖ አረፈ። እንግዳው ይህን አያውቅም፤ ባለቤቱ ያውቃል፤ ዝም ይላል።

ለምን አቤት አይሉም ትሉ ይሆናል። ሱዳን የ1997 የሥራ ሕግ ነበራት። ኢቃማ የሌላት ልጅ ግን የትኛው ቢሮ ትሄዳለች? እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የካርቱም ገዥ ሴቶች በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በነዳጅ ማደያ እንዳይሠሩ ትእዛዝ አውጥተው ነበር። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ወዲያው አገደው እንጂ፣ ፍርሃቱ ከእህቶቻችን ልብ አልወጣም። የሥነ ሥርዓት ፖሊስ ነበር፤ ያ ሕግ የተሻረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ነው። ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ከሻ መጣ ሲባል ዕቃቸውን ጥለው ሲሮጡ ሁላችንም አይተናል። በዚህ ምክንያት ጠቡ ሁሉ ወደ ማኅበሩ ሽማግሌዎች ይመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እኛ ነን።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንግባ። ከማኅበሩ ሦስት ባለ ሱቆች ሆነን የፈረድነውን አንድ ነገር ልንናገር ነው የቆምነው።

አስቀድሞ ስለ ገንዘቡ። ካርቱም ያልነበራችሁ ልጆች ይህን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እ.ኤ.አ. በ1992 ሱዳን ዲናር አወጣች፤ አንዱ ዲናር አሥር የድሮ ጅኔ ነው። ሕዝቡ ግን በኪሱ ዲናር ይዞ በአፉ በድሮው ጅኔ መቁጠሩን አልተወም። ወረቀቱ ላይ 200 ዲናር ተጽፎ ያያል፤ «ሁለት ሺህ» ይላል። በጥር 2007 ደግሞ አዲስ ጅኔ መጣ። አንዱ አዲስ ጅኔ መቶ ዲናር፣ ማለት አንድ ሺህ የድሮ ጅኔ ነው። እስከ ዓመቱ አጋማሽ ዲናሩም አዲሱ ጅኔም አብረው ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ሁለት አዲስ ጅኔ የሚያወጣ ዕቃ ሁለትም፣ ሁለት መቶም፣ ሁለት ሺህም ተብሎ ይጠራል። እኛ ከሱቅ ባንኮኒ ኋላ ቆመን ቀኑን ሙሉ በሦስቱም ስንቆጥር እንውል ነበር።

በዚያው በ2007 ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በዓለ ሃምሳ ስለ ነበር አርብ ቢሆንም ሥጋ ይበላል። ደይም አካባቢ አንድ ምግብ ቤት አራት ሰዎች ገቡ። ልጅቷ ከአገር ከመጣች ሦስት ወሯ ነው። ዘጠኝ ጠረጴዛ ለብቻዋ ይዛለች። ሰዎቹ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጡ፤ ጥብሱ ቀዝቅዞ መጣ፤ ውኃ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ በሦስተኛው ደረሰ። ጋባዡ ተናድዷል፤ ቢሆንም ክፉ ሰው አልነበረም። ሒሳቡ 30 አዲስ ጅኔ ሆነ። ባለ 5000 ዲናር ወረቀት አውጥቶ ሰጣትና «ሁለት ሺዋን አንቺ ያዢያት» ብሏት ወደ ወሬው ተመለሰ።

5000 ዲናር ማለት 50 አዲስ ጅኔ ነው። መልሱ 20 ጅኔ ነው። ካሸሩ የሰጣት መልስ ደግሞ አንዲት ወረቀት ነበረች፤ ላይዋ ላይ 2000 ተብሎ የተጻፈባት የዲናር ወረቀት። ልጅቷ የተባለችውን ያዘች።

ሰውየው ቆይቶ «መልሴስ?» አላት።

«ጋሼ፣ ለእኔ ሰጥተውኛል እኮ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገምቱት። ሌባ ተባለች። በእመቤታችን ማለች። ጥብሱ የቀዘቀዘውም፣ ውኃው የዘገየውም አንድ ላይ ተነሣባት። ባለቤቱ መጥቶ ደንበኛውን ደገፈ። በማግስቱ እኛ ሦስታችን ተጠራን።

ሰውየውን «ስንት ያዢ አልካት?» ብለን ጠየቅን። «ሁለት ሺህ» አለ። ልጅቷን «ስንት ያዢ አለሽ?» አልናት። «ሁለት ሺህ» አለች። ሁለቱም አንድ ቃል ነው የተናገሩት! ከሦስታችን አንዳችን «የትኛውን ሁለት ሺህ?» ብለን አልጠየቅንም። እሱ የሚለው ሁለት ሺህ የድሮ ጅኔ፣ ማለት ሁለት አዲስ ጅኔ ነበር፤ ለዚያ ሒሳብ ደኅና ጉርሻ ነው። እሷ ቁጥሩን የተማረችው ከወረቀቱ ላይ ነው። እኛ ግን ለ30 ጅኔ ምግብ 20 ጅኔ ጉርሻ የሚሰጥ ሰው የለም፣ ይህ ለሕፃንም ግልጽ ነው ብለን 18ቱን መልሳ ሁለቱን እንድትይዝ፣ ይቅርታም እንድትጠይቅ ፈረድን። ልጅቷ ሃያውንም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። ሁለቱን አልነካችም። ይቅርታም አልጠየቀችም። እኛ ደግሞ ኩራት ነው አልን። ባለቤቱ ማታውኑ አሰናበታት። መዝገባችን ላይ «በስምምነት አለቀ» ተብሎ ተጻፈ።

ሁለት ሳምንት ያህል አለፈ። ከሦስታችን አንዱ ሱቅ የሚሠራ፣ እሱም ከአገር አዲስ የመጣ ልጅ ነበር። «ለዳቦ ጋጋሪው ሁለት ሺህ ስጠው» ተባለ። ልጁ ከመሳቢያው ባለ 2000 ዲናሯን መዝዞ ሰጥቶ መጣ። ልንቆጣው አፋችንን ከፈትን፤ መልሰን ዘጋነው። ሱቁን በዚያ ሰዓት ዘግተን ነው ወደ ሁለቱ የሄድነው።

ለሰውየው ነገርነው። ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ 20 ጅኔ አውጥቶ «ስጡልኝ፣ እግሯ ላይም እወድቃለሁ» አለ። ይህን ስለ እሱ መናገር አለብን። ጀሪፍ ከጓደኞቿ ጋር የምትኖርበትን ክፍል አገኘነው፤ እሷ ግን የለችም። አንዷ ሊቢያ ሄዳለች አለችን፣ ሌላዋ ወደ ቤይሩት የሚልክ ሰው አግኝታለች አለችን። የሊቢያን በረሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሃያውን ጅኔ ገንዘብ ያዣችን «የአንዲት እህት አደራ» ብሎ መዝገብ ላይ አሰፈረው።

ከዚያ ወዲህ የምግብ ቤት ባለቤቶችን ሰብስበን ነበር። ትንሽም ቢሆን የወር ደመወዝ ይኑር፣ አስተናጋጇ የተቀበለችውን ገንዘብ እንግዳው ፊት ጮኽ ብላ ትቁጠር አልን። የተስማሙ አሉ፤ የሳቁም አሉ። አንዱ «እናንተስ ለሱቃችሁ ልጅ ስንት ትከፍላላችሁ?» አለን። የእኛም ልጆች ሱቅ ውስጥ እየበሉ እዚያው የሚያድሩ ነበሩና መልስ አልነበረንም። ከመካከላችን ከዚያ በኋላ ደመወዝ የቆረጠ አለ፣ ያልቆረጠም አለ።

ነገሩ በኋላም መልኩን ቀይሮ መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ሲያጥራቸው ሰው ሁሉ በስልክ በባንካክ መክፈል ጀመረ። እንግዳው ጉርሻውን ከሒሳቡ ጋር ደምሮ ይልካል፤ ገንዘቡ የሚገባው ባለቤቱ ስልክ ውስጥ ነው። ልጅቷ እንግዳው ንፉግ ነው ትላለች፤ እንግዳው ሰጥቻለሁ ይላል። ያን ጊዜ ግን ቢያንስ የተላከውን መልእክት አሳዩን ማለትን ለምደን ነበር።

አደራው በየዓመቱ ከመዝገብ ወደ መዝገብ ይሻገር ነበር። በ2007 ሃያ ጅኔ አሥር ዶላር ገደማ ነበር። በየካቲት 2021 መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ከ55 ወደ 375 ጅኔ ሲያወጣው አምስት ሳንቲም ሆነ፤ ሻይ አይገዛም። ገንዘብ ያዡ ይዘጋ ብሎ ጠየቀ። ግማሹ ይዘጋ አለ፣ ግማሹ ዕዳው በነበረበት ዋጋ ይታሰብ አለ። ለሚቀጥለው ስብሰባ ተባለ፤ በዚያው ቀረ።

ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቀዳም ስዑር ነበር። ለፋሲካ ዶሮው ተገዝቶ፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ምግብ ቤቶቹ ሌሊት ሊሠሩ ተዘጋጅተው ነበር። መዝገቡ ደይም ቁም ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። በመተማ በኩል ስንወጣ የያዝነው የለበስነውን ብቻ ነበር።

ከሦስታችን አንዱ አርፏል፤ ነፍሱን ይማር። የቀረነው ሁለታችን አሥሩን ዶላር ከነተጨማሪው ለማኅበሩ አስረክበናል። የልጅቷን ስም እዚህ አናወጣም፤ እሷ ካነበበች ራሷን ታውቃለች። በዚያ ዓመት ጀሪፍ አብረዋት የነበሩ፣ ያለችበትን የሚያውቁ ካሉ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይንገሩልን።