መሪው ቢሄድ ማኅበሩ ይኖራልን?

(በኑኑ ቁምባ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ አመራር፣ ስለ ለውጥና ስለ ማኅበር ኑሮ ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ጥያቄ ላጠቃልለው እወዳለሁ፤ ይኸውም «መሪው ቢሄድ ማኅበሩ ይኖራልን?» የሚል ነው። ጥያቄውን ያነሣሁት ለክርክር ያህል አይደለም። ማንኛውም የእርዳታ ፕሮጀክት ሲጀመር የሚያበቃበት ዘመን በውሉ ላይ ተጽፎ ነው። መኪናው የማይመጣበት፣ ባለሙያውም ወደ ሌላ ወረዳ የሚዛወርበት ቀን አይቀርም። በዚያን ቀን የቁጠባው ሣጥን በአባላቱ እጅ ይቀራል። ታዲያ ሣጥኑ እንደ ወትሮው በየሳምንቱ ተከፍቶ በሁሉ ፊት ይቆጠራል ወይስ በአንድ ሰው ቤት ተቀምጦ ይረሳል? መልሱ የሚወሰነው ያን ቀን ሳይሆን ዛሬ ነው።

በኦሪት ዘኁልቁ ምዕራፍ 27 እንደምናነበው፣ ሙሴ የመሞቻው ጊዜ መድረሱ በተነገረው ጊዜ ዕድሜ እንዲጨመርለት አልለመነም። የለመነው ሕዝቡ ጠባቂ አጥቶ እንዳይበተን በእርሱ ፈንታ የሚመራ ሰው እንዲሾም ነው። ኢያሱም የተሾመው ከሙሴ ቀብር በኋላ በሽኩቻ አልነበረም፤ ሙሴ በሕይወት ሳለ፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆሞ ነው። መልካም መሪ ከእርሱ በኋላ ስለሚመጣው ሰው በጊዜው ያስባል ማለት ነው።

የእኛው የወለጋ የወንጌል ታሪክም የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1898 ወደ ቦጂ መጥቶ ማስተማር ጀመረ፤ በ1905 ግን በእሳት ቃጠሎ ሞተ። ሥራው በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ በሰባት ዓመቱ ባለቀ ነበር። ነገር ግን በ1904 ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ነቀምቴ ገብተው ነበር። ሁለቱም ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ኦኔሲሞስ በአስቴር ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታትሞ ነበር። አስቴር ቃላቱን ለቅማ በመዝገብ ያሰናዳች፣ የሕዝቡንም ተረትና ዘፈን የሰበሰበች ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች ከስብከት ጋር ማንበብን አስተማሩ። ሰባኪው ቢሞት የሚያነብ ሰው ይቀራል፤ የሚያነብ ሰው ባለበት ደግሞ ሥራው ወራሽ አያጣም።

ኦኔሲሞስ በ1923 ዓ.ም. ዐረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኢጣሊያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ የውጭ አገር ሚስዮናውያንም እንዲወጡ ተገደዱ። በቄለም የሚሠሩት አሜሪካውያን ከመለየታቸው በፊት ጊዳዳ ሶሌንና ማሞ ጮርቃ በቅስና ተሾሙ። ቄስ ጊዳዳ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ምክንያት ዓይናቸውን ያጡ ሰው ነበሩ። የጉባኤውን አደራ ተቀብለው በብዙ መከራ ውስጥ ጠበቁት፤ ከነጻነትም በኋላ በየገጠሩ ትምህርት ቤት እንዲከፈት ደከሙ። ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት የተበተነ ሕዝብ አልነበረም፤ አድጎ ቆያቸው። ዓይን የሌለው ሰው ሕዝብ መምራት ከቻለ፣ «እኛ አልተማርንም፣ አቅም የለንም» የሚለው ምክንያታችን ምን ያህል ይጸናል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ስትመሠረት አባሎቿ 20 ሺህ ያህል ነበሩ። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ጸሐፊዋ ሆነው አገለገሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. ቤተ ክርስቲያኗ ለውጭ ረጂዎቿ በላከችው ጽሑፍ ወንጌልን መስበክና ሰውን ማልማት ሊነጣጠሉ እንደማይገባ፣ ሰው ሥጋውም ነፍሱም አንድ ላይ እንደሆነ በግልጽ አስረዳች። ረጂውን ታመሰግናለች፤ የሥራዋን ቅደም ተከተል ግን ረጂው እንዲወስንላት አልፈቀደችም። ተረጂው ለረጂው በአክብሮት «ይህ ነው የሚያስፈልገን» ብሎ መናገር መቻሉ ራሱ አመራር ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና በአዲስ አበባ በዑራኤል ጉባኤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መርተው ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት ታሰሩ። በወለጋ ብዙ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ። አጽማቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ምእመናኑ በየቤቱ ይጸልዩ፣ ልጆቻቸውን ያስተምሩ፣ ታራሚ ይጠይቁ ነበር። ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕንፃ ተወስዷል፣ መሪ ተገድሏል፤ ማኅበሩ ግን በአባላቱ ልብ ውስጥ ስለነበረ አልጠፋም።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እንመልከት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛን ከባላባት ቀንበር አላቀቀ፤ ይህን መካድ አይገባም። በየቀበሌውም የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። በኋላ ግን ገበሬው ወደ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲገባ ግፊት በዛበት። ሽማግሌዎቻችን ማልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚባሉትን ደረጃዎች ያስታውሳሉ። በማልባ መሬቱ የጋራ ሆነ፤ በወልባ በሬውና ሞፈሩም ተጨመረ፤ ወላንድ ደግሞ ብዙ ወልባዎችን አንድ ሊያደርግ የታቀደ ነበር። እነዚህ ማኅበራት ሊቀ መንበር፣ ማኅተምና መዝገብ ነበራቸው። ከመንግሥትም ድጋፍ አላጡም። የካቲት 1982 ዓ.ም. መንግሥት የኢኮኖሚ ፖሊሲውን ለውጦ አባላት በፈቃዳቸው መውጣት ይችላሉ ባለ ጊዜ ግን አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ገበሬው በሬውን ነድቶ፣ መሬቱን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ዘመን ዕድራችን ምን ሆነ? ዕድርን ማንም በአዋጅ አላቋቋመውም፤ ብዙ ጊዜ ቢሮም የለው፣ ደመወዝተኛም የለው። ዳሩ ግን ንጉሡ ሲወርድ አልፈረሰም፣ ደርግ ሲወድቅም አልተበተነም። ልዩነቱ ከገንዘብ የመጣ አይደለም። የዕድር አባል መዋጮውን የሚከፍለው ነገ በእርሱ ቤት ኀዘን ቢገባ ድንኳኑ በደጁ እንደሚተከል ስለሚያውቅ ነው። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፤ ዳኛውንም የመረጠው ራሱ ነው። የማልባው ገበሬና የዕድሩ አባል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው እንደነበረ ልብ እንበል። አንዱን ጥሎ ሄደ፣ ሌላውን ጠበቀ፤ ምክንያቱም አንደኛው የእርሱ አልነበረም።

የኅብረት ሥራ ሐሳቡ ራሱ ክፉ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበራት በፈቃደኛነትና እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ ባለው ሥርዓት እንዲቋቋሙ ከተደነገገ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ34 መሠረታዊ ማኅበራትና ከ22 ሺህ በላይ በሆኑ ገበሬዎች ተመሠረተ። በገበያ ላይ «ለቀምት» በሚል ስም የሚታወቀውን የወለጋ ቡና ጨምሮ የገበሬውን ምርት በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። በግዴታ የተጠላው ነገር በፈቃድ ሲሆን ተወደደ።

እንግዲህ ማኅበር በመሪው መሄድ እንዳይፈርስ መሪዎች ምን ማድረግ ይገባቸዋል? ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ ሳይጠየቁ ሒሳብ መስጠት ነው። በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ሳሙኤል ካረጀ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆሞ የማንንም ከብት እንዳልወሰደ፣ ከማንም ጉቦ እንዳልተቀበለ ይመስክሩበት ዘንድ ጠየቀ። በሽማግሌነቱ ብቻ እመኑኝ አላለም። በእኛም ማኅበራት ማንበብ የማይችሉ አባላት እንዲሰሙት ሒሳቡ በቃል ይነገር፤ ገንዘቡም በዓይናቸው ፊት ይቆጠር። የሣጥኑ ቁልፎች ለተለያዩ ሰዎች ይሰጡ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ታማኙን ሰው ከሐሜት የሚጠብቅ አጥር ነው።

ሁለተኛ፣ ኀላፊነትን ማዘዋወር ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚያዘው ለስምንት ዓመት ነው፤ ከዚያም ለተረኛው ይተላለፋል። ያስረከበው ወገን አይጣልም፤ ዩባ ተብሎ በምክር ያገለግላል። እንግዲህ ሊቀ መንበርን በጊዜው መለወጥ ሽማግሌን ማዋረድ ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ራሱ ይመልስለታል። በ2002 እ.ኤ.አ. በናዝሬት የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ከቴርፈንድ ጋር የጀመረችው የራስ አገዝ ቡድን አሠራርም ይህን ይመስላል። አሥራ አምስት ወይም ሃያ የሚሆኑ ድኾች በየሳምንቱ ትንሽ ገንዘብ ይቆጥባሉ፤ ስብሰባውን ደግሞ አባላት በየተራ ይመራሉ። ዛሬ ለመናገር የምታፍረው እናት በተራዋ ስብሰባ ትመራለች። አንድ መሪ ቢሄድ ሌሎቹ ሁሉ ወንበሩን ቀምሰውታል።

ሦስተኛ፣ ማጉረምረምን መስማት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በዕለት ምግብ ዕደላ የተዘነጉ መበለቶች ነበሩ፤ ስለ እነርሱም ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያት ቅሬታ ያቀረቡትን አድመኞች አላሏቸውም። ሥራው እንደ ጎደለ ተቀብለው ጉባኤው ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ። የተመረጡት ስሞች የግሪክ ስሞች መሆናቸው ጉባኤው ቅሬታ ላነሣው ወገን ያሰበ መሆኑን ያሳያል። በእኛ ዘንድ ግን ቅሬታ ያለው አባል ብዙ ጊዜ ዝም ይላል፤ በሚቀጥለው ወር መዋጮ አይከፍልም፤ ከዚያም ይቀራል። አባል ሲቀር ስሙን ከመሰረዝ በፊት ቤቱ ሄዶ «ምን ሆንክብን?» ብሎ መጠየቅ የመሪ ግዴታ ነው።

ስለ ለውጥ ጥቂት ልጨምር። ለውጥ ሲባል የነበረውን ሁሉ ማፍረስ የሚመስላቸው አሉ። የኤድስ በሽታ በአገራችን ብዙ ሰው በቀጠፈበት ዘመን፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ ዕድሮች በየሳምንቱ ከመቅበር ይልቅ የታመመውን መደገፍና የሙት ልጆችን መርዳት እንደሚሻል ተመካክረው ደንባቸውን አሻሻሉ። ዕድርነታቸውን አልተዉም፤ ጎረቤት ለጎረቤት መድረስ የሚለውን ዋና ቁም ነገር ወደ ፊት ገፉት እንጂ። መልካም ለውጥ እንዲህ ነው። አባላት ይነጋገሩበታል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ በቃለ ጉባኤም ይጻፋል።

«ማንበብና መጻፍ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱን ብንለውጠው ሒሳቡ ይበላሻል» የሚል ተቃውሞ እሰማለሁ። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ አዲስ ጸሐፊ መሳሳቱ አይቀርም። መድኀኒቱ ግን አንዱን ሰው ዕድሜ ልኩን ማስቀመጥ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዷ ሴት፣ ከጎኑ ተቀምጠው ይማሩ። የሚማሩት አዋቂው በአጠገባቸው ሳለ ስለሆነ ስሕተቱ ይታረማል። እርሱ ከታመመ ወይም ከሄደ በኋላ የሚመጣ ስሕተት ግን የሚያርመው የለም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ሪፖርት ሲደርስ፣ ጊዜም ሲያጥር፣ ደንቡን ራሳችሁ ጽፋችሁ በጭብጨባ ማስጸደቅ ይቀላችኋል። ነገር ግን ያ ደንብ የእናንተ ይሆናል፤ እናንተም ስትሄዱ አብሮ ይሄዳል። በስመ ልማት ሌላ ማልባ እንዳንሠራ እንጠንቀቅ። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በግጭቱ ምክንያት መንገድ የተዘጋበት፣ ሰው ከቀዬው የተፈናቀለበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ከቢሮ ትእዛዝ የሚጠብቅ ማኅበር እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በራሱ መወሰን የለመደ ማኅበር ግን የተፈናቀለውን ጎረቤቱን ከሣጥኑ ያበድራል፣ ከጎተራውም ያካፍላል። እናንተ የማትደርሱበት ቀን የሥራችሁ ፈተና ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። አንዱ ሃምሳውን ተሸክሞ የሚደክምበት፣ ሌሎቹም ባዶ እጃቸውን ቆመው የሚያዩበት ማኅበር ካለ፣ ጥፋቱ የተሸካሚውም የተመልካቾቹም ነው። ስለዚህ ወደየመጣችሁበት ስትመለሱ ሦስት ነገር እንድታደርጉ አደራ እላለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሒሳቡን በሁሉ ፊት አንብቡ። የሊቀ መንበሩን፣ የጸሐፊውንና የገንዘብ ያዡን ሥራ የሚማሩ ሰዎችን በስም ምረጡ። ከመጡ የቆዩ አባላትን ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ለሙሴ ኢያሱን የሰጠ አምላክ፣ በመከራም ዘመን የወለጋን ጉባኤዎች ያልተወ አምላክ፣ ለእናንተም ታማኝ መሪዎችንና ንቁ አባላትን ይስጣችሁ። ለምድራችንም ሰላምን ያውርድልን። አሜን።