የኮምፒዩተር ጠባቂዎች ሥራና ሣቅ

(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ስብሰባ ላይ ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞች ስለ ኢኮኖሚና ስለ ሕግ፣ ስለ ታላላቅ ነገሮች ተናግረዋል። የእኔ ርእስ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው። የምናገረው በኮሪደር መጨረሻ ባለ ክፍል ውስጥ ስለሚውሉ፣ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ማንም ስለማያስታውሳቸው፣ ሲቆም ግን ሁሉም ስለሚጮህባቸው ሰዎች ነው። የማዕርግ ስማቸው ሲስተም አድሚኒስትሬተር ነው፤ እኛ «የአይቲ ልጆች» እንላቸዋለን፤ ከልጆቹ አንዳንዶቹ ጡረታቸው የተቃረበ ቢሆንም። ለነገሩ ያህል ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የአገራችን አቆጣጠር ሲሆን ለይቼ እጠራዋለሁ።

ሥራቸው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ አብዛኛው ሰው «ኮምፒዩተር መጠገን» ብሎ ይመልሳል። ይህ ግን ሥራውን ማሳነስ ነው። በእኔ አስተያየት ሥራው ከዘበኛ፣ ከቧንቧ ሠራተኛና ከመዝገብ ቤት ጸሐፊ የተውጣጣ ነው። ጧት ሲገቡ ሰርቨሩ ሌሊቱን የጻፈውን መዝገብ ያነባሉ፤ ማን ገባ? ማን ሊገባ ሞክሮ አቃተው? የትኛው ዲስክ ሊሞላ ቀርቦአል? ቀጥለው የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ በትክክል መወሰዱን ያያሉ። ለአዲስ ሠራተኛ መግቢያ ይከፍታሉ፤ ሥራ የለቀቀውን ይዘጋሉ (ይህ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ አዲሱ ሠራተኛ መጥቶ ይጨቀጭቃል፣ የለቀቀው ግን እንዲዘጋበት አይለምንም)። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ የላከውን ማሻሻያ መጀመሪያ በአንድ ተራ ማሽን ላይ ይሞክራሉ፤ ደኅና ከሆነ በሌሎቹ ላይ ይጭናሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ስልክ ይጮኻል፤ ፕሪንተሩ ወረቀት ነክሶ ይዞአል።

ሲኒማ ስለ ኮምፒዩተር ደኅንነት ሲያሳየን ጨለማ ክፍል፣ ኮፍያ የደፋ ወጣትና በመስኮቱ ላይ የሚፈስ አረንጓዴ ጽሕፈት ያሳየናል። እውነተኛው ደኅንነት ግን ያለው ከላይ በተናገርሁት አሰልቺ ሥራ ውስጥ ነው። በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ተባይ በብዙ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ መልሰው ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ግን ከሁለት ወር በፊት በማርች ነበር። ያልተደረገው የዘወትሩ ሥራ ነው።

ስለ ዘወትሩ ሥራ ከተነሣ ደግሞ የክሊፍ ስቶልን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስቶል የከዋክብት ተመራማሪ ነበር። በ1986 በካሊፎርኒያ በሎረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ የምርምሩ ገንዘብ ቢያልቅበት ወደ ኮምፒዩተር ክፍሉ ተዛወረ። በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር የሚገለገል ሁሉ ጊዜው እየተቆጠረ ይከፍል ነበር፤ ሒሳቡን የሚይዙት ሁለት ፕሮግራሞች በ75 ሳንቲም ተለያዩ። አለቃው ለአዲሱ ሰው እንደ ማለማመጃ አድርጎ ምክንያቱን እንዲፈልግ አዘዘው። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ከኪሳችን ሞልተን ሒሳቡን እንዘጋው ነበር። ስቶል ግን ሲከታተል ሳንቲሞቹ አድራሻ በሌለው ተጠቃሚ ስም እንደ ወጡ አገኘ፤ ከዚያም በስተጀርባ ሌባ መኖሩን ደረሰበት። በሩን ቢዘጋበት ሌባው በሌላ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ከባልደረቦቹ ጠረጴዛ ላይ ፕሪንተሮችን ለቃቅሞ ከስልክ መስመሮቹ ጋር አገናኘና ሌባው የሚጽፈውን እያንዳንዱን ፊደል በወረቀት ላይ ያወጣ ጀመር። ሰውየው በላቦራቶሪው በኩል ተሻግሮ የአሜሪካን ጦር ኮምፒዩተሮች ይፈትሽ ነበር። የፌዴራል መርማሪዎቹ የጠፋው 75 ሳንቲም ነው ሲባሉ በመጀመሪያ ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። መስመሩ ተመርምሮ ተመርምሮ ከወራት በኋላ ሐኖቨር ከተማ ደረሰ፤ ማርኩስ ሄስ የተባለው ጀርመናዊና ግብረ አበሮቹ የሰረቁትን ለኬጂቢ ይሸጡ ኖሮአል። በ1990 በአገራቸው ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ተባሉ።

ይህ ሰላይ እንዴት ይገባ እንደ ነበር ልብ በሉ። ከገባባቸው ማሽኖች ብዙዎቹን የከፈተው በታላቅ ጥበብ አልነበረም። ፋብሪካው ማሽኑን ሲሸጥ «ፊልድ» የሚል መግቢያ «ሰርቪስ» ከሚል የይለፍ ቃል ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር፤ የገዛው ሰው ሳይቀይረው ይቀራል። አናጢው በሩ ላይ ሰክቶት የሄደውን ቁልፍ ዓመት ሙሉ እንደ ተሰካ መተው ማለት ነው። ደግሞ ስቶል እንዴት እንደ ተከላከለ ልብ በሉ። አንድ ጊዜ ሌባው መውጣት የሌለበትን ፋይል መቅዳት ሲጀምር፣ መስመሩ ቢቆረጥ ይነቃል፤ ስቶልም የቤቱን ቁልፎች ከኪሱ አውጥቶ በሽቦዎቹ ላይ እያንቃጨለ የስልክ መስመሩ የተበላሸ አስመሰለው። ጦር ሠራዊት የሚጠብቀው ምስጢር በአንድ የቁልፍ ዘለላ ሲድን አያስቅምን?

አሁን ወደ ሣቁ ደርሻለሁ። የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ ራሱ ያስቃል። በጓዳ ሆኖ ሳይታይ የሚያገለግለውን ፕሮግራም «ዴመን» ይሉታል፤ ጋኔን ማለት ነው። ስሙን በ1960ዎቹ ያወጡለት የኤም አይ ቲ ሰዎች፣ የፊዚክስ መምህራኖቻችን ከሚያነሡት ከማክስዌል ጋኔን ወስደውት ነው። ሥራውን ጨርሶ ከመዝገብ ያልተሰረዘ ፕሮግራም «ዞምቢ» ይባላል፤ ከመቃብር የወጣ ሬሳ እንደ ማለት ነው። እርሱን ያስነሣው ፕሮግራም ደግሞ «ወላጅ» ነው። ዞምቢው የሞተ ስለሆነ ሊገድሉት አይቻልም፤ የሚወገደው ብዙ ጊዜ ወላጁ ሲገደል ነው። እንግዲህ አንዱ የአይቲ ልጅ በታክሲ ውስጥ ለጓደኛው «ልጆቹ ሬሳ ሆነው አልሄድ ቢሉኝ አባትየውን ገደልሁት፤ ጋኔኑም ወዲያው ተነሣ» ብሎ ሲያወራ፣ ከጎኑ የተቀመጡት እናት በስንት ጊዜ እንደሚያማትቡ ገምቱ።

ሌላም አለ። የኢንተርኔት ሕግጋት የሚጻፉባቸው ሰነዶች እጅግ ደረቅ ናቸው፤ ነገር ግን ፈረንጆች በሚቀላለዱበት ቀን፣ በኤፕሪል 1 ቀን 1990፣ መልእክት በእርግብ እግር ላይ ታስሮ የሚሄድበትን ደንብ የሚያወጣ ሰነድ እንደ ሌሎቹ ቁጥር ተሰጥቶት ወጣ። በ2001 በኖርዌይ በበርገን ከተማ ያሉ ሰዎች ደንቡን በእውነተኛ እርግቦች ፈተኑት። 9 መልእክት ተላከ፤ የ4ቱ ብቻ መልስ መጣ፤ ፈጣኑም ከ50 ደቂቃ በላይ ፈጀ። (ከእኛ ማደሪያ ዋይፋይ ጋር ያወዳደራችሁት እናንተ ናችሁ፤ እኔ አላልሁም።)

ይሁን እንጂ ሣቅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ዛሬ ማታ ልናገር የተነሣሁትም ስለዚህ ነው። የኮምፒዩተር ሰው ወይ በተጠቃሚው ይስቃል ወይ በራሱ ይስቃል። በየአገሩ የሚነገር አንድ ቀልድ አለ። አንዲት ሴት ደውለው «ኮምፒዩተሬ አልበራ አለ» ይላሉ። «መሰኪያውን እስቲ ይዩልኝ እትዬ።» «ጨለማ ነው፤ አይታየኝም።» «ታዲያ መብራቱን አያበሩትም?» «መብራት ከጠፋ ሰዓት አለፈው እኮ!» በእኛ አገር ይህ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ የዘወትር ወሬ ሊመስል ይችላል። በዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የኒውዚላንዱ ሳይመን ትራቫሊያም ከ1992 ጀምሮ «የገሃነም ኦፕሬተር» የሚባል ሰው ፈጥሮ ታሪኩን ጽፎአል፤ ይህ ኦፕሬተር የደወለለትን ሁሉ ፋይሉን እየደመሰሰ ይቀጣል። እኔ እነዚህን ቀልዶች አልጠላቸውም፤ ስቄባቸዋለሁ። ነገር ግን ቀልዱ ከመጽሐፉ ወጥቶ ስልክ የሚያነሣው ሰው ጠባይ ሲሆን አደጋ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንዲት የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ ደረሰኝ መስሎአት የማታውቀው ሰው የላከውን ፋይል ከፈተች እንበል። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ልቧ ፈራ። በዚያው ደቂቃ ብትደውል ማሽኗን ከመስመሩ ነቅሎ ነገሩን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀረት ይቻላል። ባለፈው ወር ስለ ፕሪንተሩ ደውላ ሦስት ወጣቶች በስልኩ ውስጥ ሲስቁባት ሰምታ ከሆነ ግን አትደውልም። ኮምፒዩተሩን አጥፍታ ሻይ ልትጠጣ ትሄዳለች። በማግሥቱ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሁሉ ተቆልፎ ይገኛል። ያ መሥሪያ ቤት የተሸነፈው ሠራተኛዋ በተሳቀባት ቀን ነው።

ተጠቃሚውን መናቅ በደንብም ይገለጣል። ቢል በር የተባለ ሰው በ2003 ለአሜሪካ መንግሥት የጻፈው መመሪያ የይለፍ ቃል ቁጥርና ምልክት እንዲቀላቀልበት፣ በየጊዜውም እንዲለወጥ ይመክር ነበር፤ ዓለምም ተቀበለው። ሕዝቡ ምን አደረገ? «ሰላም1» የነበረውን «ሰላም2» አለው፤ ሦስተኛው ምን እንደሚሆን ለመገመት ሰላይ መሆን አያስፈልግም። በ2017 በር ራሱ በምክሩ መጸጸቱን ለጋዜጣ ተናገረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲሱ መመሪያም ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስለወጡን እንዲተዉ አዘዘ። አንድ ረዘም ያለና በሌላ ቦታ ያልተሠራበት ቃል ይሻላል።

በራስ መሳቅ የሚሠራውን ሥራ ያሳየው ደግሞ ጊትላብ የተባለው ኩባንያ ነው። ይህ ኩባንያ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ የደከመው መሐንዲስ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ይሠራ ነበር፤ አንዱ ዋናው፣ ሌላው ቅጂው። ቅጂውን ባዶ አድርጎ እንደገና ለመሙላት የመደምሰሻውን ትእዛዝ ጻፈ፤ የጻፈው ግን በዋናው ላይ ነበር። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም ከ300 ጊጋባይት የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበረው፤ በዚያች ሌሊት አንዱም እንደ ታሰበው አልሠራም። የዕለቱ ቅጂ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ይከሽፍ ኖሮአል፤ መክሸፉን የሚነግረውን ኢሜይል ደግሞ የደብዳቤ ሰርቨሩ እየመለሰው ማንም አላየውም። ያዳናቸው ያው የደመሰሰው ሰው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጁ ወስዶት የነበረ አንድ ቅጂ ነው። የ6 ሰዓት ሥራ ጠፋ።

እዚህ ላይ ኩባንያው ያደረገውን ተመልከቱ። የማስታወሻ ሰነዱን ለሕዝብ ከፈተ፤ የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፤ በኋላ ባወጣው ዝርዝር ዘገባ ላይ ሰውየውን በስሙ ፈንታ «የቡድን አባል 1» አለው። በየአገሩ ያሉ የሙያ ጓደኞቹ እየቀለዱ፣ እያዘኑለትም አነበቡት። የስንቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ በዚያ ሳምንት እንደ ተፈተሸ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ጋር የራሳችንን አገር ነገር ላንሣ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሰዎች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ነገር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በየዩኒቨርሲቲው ተማሪው ወደ ማሽኑ ሮጠ፤ በማግሥቱ «መልሱ» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ቀልዱም ለወራት አላለቀም። ባንኩ ነገሩ የውጭ ጥቃት ሳይሆን በዘወትር የጥገናና የፍተሻ ሥራ ላይ የደረሰ ችግር መሆኑን ገለጸ። ይኸውላችሁ፣ የዘወትር ሥራ! እኛ ግን ያወራነው ስለ ገንዘቡና ስለ ሯጮቹ ነው። በዚያ ሰሞን አንድ የኮምፒዩተር ተማሪ እንኳ «ማሻሻያ ሲሞከር እንዲህ ያለ ነገር የሚያልፈው በየት በኩል ነው?» ብሎ የውይይት ጉባኤ ሲጠራ አልሰማሁም።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይቃወሙኛል። «ጥፋተኛ ካልተቀጣ፣ ደመወዙም ካልተቆረጠ ማን ይጠነቀቃል?» ይላሉ። እኔ ሆን ብሎ ያጠፋ አይቀጣ አላልሁም። ጥፋቱን የደበቀም ይቀጣ። ነገር ግን ደክሞት የሳተውንና ወዲያው የተናገረውን እንደ ሌባ ብንቀጣው፣ የሚቀጥለው ሰው የሚማረው መጠንቀቅን አይደለም፤ መዝገቡን መደምሰስን ነው። መዝገቡን የመደምሰስ ሥልጣን ያለውም እርሱ ራሱ መሆኑን አትርሱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል የሰማነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ኮሚቴ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በኮምፒዩተር ክፍሉ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ይቀመጥ። የተበላሸው ነገር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ እንዴት እንደ ታወቀ፣ እንዴት እንደ ተስተካከለ ይጻፍበት፤ ስም አይጻፍ። ተማሪም ቢሆን አጠራጣሪ ፋይል የከፈተ እንደ ሆነ ገብቶ ይጻፍ፤ የሚያስቅ ከሆነም ሣቁን አይቁረጥ። በየወሩ መጨረሻ ከደብተሩ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው በዚህ ጋዜጣችን ላይ ይታተሙ። የደብተሩ ዋጋ ከማኅበሩ ካዝና ይከፈል ዘንድ ገንዘብ ያዡን ጠይቄአለሁ፤ ደረሰኝ አምጣ ብለውኛል።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።