በፈረንሳይኛ አስተካክሎ ስለ መጠየቅ



ሐረር ከፈረንሳይኛ ጋር የቈየ ትውውቅ አላት። በ1898 ዓ.ም. ያረፉት ራስ መኰንን ልጃቸውን ተፈሪን ይህን ቋንቋ ያስተማሩት በዚችው ከተማ ነበር።

እንግዲህ ከሐኪም ጋራ ግርጌ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ እንግዳ ቢያጋጥመን፣ «ወደ ላይ ይወጣሉ?» ብሎ ለመጠየቅ ሦስት መንገድ አለ። «ቩ ሞንቴ?» ሲባል እንደ አማርኛችን መጨረሻውን በድምፅ ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ይህ የዘወትር ጨዋታ አነጋገር ነው። «ኤስ ክ ቩ ሞንቴ?» ሲባል የቃላቱ ተራ ሳይለወጥ ጥያቄው ይታወቃል፤ ለጀማሪም ይህ ይቀላል። «ሞንቴ ቩ?» ብሎ ግሱን ማስቀደም ደግሞ የጽሕፈትና የሥነ ሥርዓት ወግ ነው። ሁለቱን ደርቦ «ኤስ ክ ሞንቴ ቩ?» ማለት ግን ስሕተት ነው።

ከዚህም ጋር «ቩ» እርስዎ፣ «ቱ» አንተ ወይም አንቺ መሆኑን እናስተውል። ባለጉዳይን በመሥሪያ ቤታችን «ቱ» ብንለው፣ ሰዋስዉ ቢቃና እንኳ አክብሮቱ ይጐድላል።