የዋልታዋ ወፍ በኦሞ አፍ



መሐንዲሶች ስለ ኦሞ ወንዝ ሲወያዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የግድብ ቁመትና የሚመነጨው ኃይል ነው። የዛሬው ንግግር ግን የሚያተኩረው ክብደቷ 25 ግራም ገደማ በሆነች፣ በእንግሊዝኛ ሊትል ስቲንት በምትባል ትንሽ የውኃ ዳር ወፍ ላይ ነው።

ይህች ወፍ በሰኔና በሐምሌ ከኖርዌይ ሰሜን ጫፍ እስከ ሳይቤሪያ በተዘረጋው ዛፍ አልባ የዋልታ ሜዳ ጫጩቶቿን ትፈለፍላለች። ከዚያም ብርዱን ሸሽታ ወደ አፍሪካ ትጓዛለች። ከሚያርፉባት ቦታዎች አንዱ ከኦሞራቴ በስተ ደቡብ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ደለላማና አሸዋማ ዳርቻ ነው። በዚያም በውኃው ጠርዝ እየተሯሯጠች የነፍሳት እጮችንና ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታትን ትለቅማለች። በሚያዝያና በግንቦት ከመመለሷ በፊት የምታጠራቅመው ስብ የጉዞዋ ስንቅ ነው።

እግሯ አጭር በመሆኑ መብል የምታገኘው በእርጥብ ደለልና ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ብቻ ነው። የዳርቻው ተዳፋት በ1,000 ሜትር 1 ሜትር ነው ቢባል፣ ሐይቁ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል የውኃው ጠርዝ 100 ሜትር ይዛወራል። ወፊቱም ማዕዷን ተከትላ ትዛወራለች።

ቱርካና መውጫ የሌለው ሐይቅ ሲሆን፣ ከሚገባለት ውኃ ከአምስት አራቱን እጅ በላይ የሚያመጣው ኦሞ ነው። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ሐይቁ ይነሣል፤ ኋላም በትነት ሲወርድ አዲስ ደለል ይገለጣል። ዳሰነቾችም ጎርፉ ሲመለስ በወንዙ ዳር በቀረው እርጥበት ማሽላ ይዘራሉ። ስለዚህ ወፊቱና ገበሬው የሚጠብቁት የአንዱን ወንዝ ሙላትና ጉድለት ነው።

243 ሜትር ከፍታ ያለው ግልገል ጊቤ 3 በጥር 2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅሙ ለአገሪቱ ያለው ጥቅም አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ተርባይን የሚሻው ዓመቱን ሙሉ የተስተካከለ ፍሰት ሲሆን፣ ዳርቻው የሚሻው ደግሞ መነሣትና መውረድን ነው። የዓመቱ ጠቅላላ መጠን ባይቀንስ እንኳ የፍሰቱ ወቅት ይለወጣል። ዩኔስኮ በሰኔ 2010 ዓ.ም. በኬንያ በኩል ያሉትን የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮች አደጋ ከተጋረጠባቸው ቅርሶች መዝገብ ያስገባቸው በዚህ ሥጋት ነው። በሌላ በኩል ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁና ወንዙ ሞልተው የዳሰነች መንደሮችን አጥለቅልቀዋል። እንግዲህ ጥያቄው ውኃው በዛ ወይስ አነሰ የሚል ብቻ ሳይሆን፣ መቼና በምን ፍጥነት መጣ፣ መቼስ ተመለሰ የሚል ነው።

በግድቡ ጥናት በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ እንዲለቀቅ ታስቦ ነበር። የዚህ ዐይነቱ ልቀት ፍሬ የሚመዘነው ከግድቡ በር በወጣው ውኃ መጠን ሳይሆን፣ ከኦሞራቴ በታች በተገለጠው ደለል ስፋትና በተዘራው መሬት ነው። ስለሆነም ከሜጋዋቱ መዝገብ ጎን የወንዙ ከፍታ፣ የዳርቻው ስፋትና የወፎቹ ቁጥር በየወቅቱ ሊመዘገብ ይገባል። ወንዝን የሚገድብ መሐንዲስ ኃላፊነቱ ወንዙ እስከሚያበቃበት ሥፍራ ድረስ ነውና።