ትኩሳት የሌለው ሕፃን
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ዝምተኛ በሽተኛ ነው፤ እርሱም በምግብ እጦት ክፉኛ የተጎዳው ሕፃን ነው። ዕድሜው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ሆኖ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ወይም ከምግብ እጦት የተነሣ ሁለት እግሮቹ ያበጡ እንደሆነ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው ይባላል።

የጠገበ ልጅ ሲታመም ሰውነቱ ይግላል፤ ያለቅሳል፤ እናቱም ወዲያው ታውቃለች። የተራበው ሕፃን ሰውነት ግን ለትኩሳት የሚሆን ማገዶ እንኳ ያጣ ነው። ሳንባው ወይም ደሙ በጀርም ተይዞ ሳለ ገላው ቀዝቅዞ ጸጥ ብሎ ሊተኛ ይችላል። ያየው ሁሉ «ተመስገን፣ ዛሬስ ዐረፈልን» ይላል። እኛ ግን የምንፈራው ይህንኑ ዕረፍት ነው። በብብቱ የተለካው ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ወይም የደሙ ስኳር ካነሰ፣ ከባድ ኢንፌክሽን እንዳለበት መጠርጠር ይገባል።

ስለዚህም የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ «ምልክቱ እስኪታይ ጠብቁ» አይልም። ሕመሙ ጠንቶበት ሐኪም ቤት ለተኛ ሕፃን፣ በገባበት ዕለት ፔኒሲሊን ወይም አምፒሲሊን ከጄንታማይሲን ጋር በመርፌ ይጀመርለታል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

«መድኃኒት ሲበዛ ጀርሙ አይለምደውምን?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የማላዊ ጥናት 2,767 ሕፃናትን በየቤታቸው ሲያስታምም፣ አሞክሲሲሊን ከወሰዱት 4.8 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ከወሰዱት ደግሞ 7.4 በመቶ ሞተዋል። በ2016 የታተመው የኒጀር ጥናት ግን በማገገም ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። እንግዲህ ክርክሩ የመብላት ፍላጎት ኖሮት በቤቱ ስለሚታከመው ሕፃን ነው እንጂ፣ ቀዝቅዞ መብላት ስላቃተው አይደለም።

ይሁን እንጂ መርፌ ብቻውን አያድንም። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየ2 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ጥቂት ጥቂት መመገብ አለበት። ራሱ ተሸፍኖ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይታቀፍ። የደከመ ልቡ ስለማይችለው፣ ራሱን እስኪስት ካልደከመ በቀር ፈሳሽ በደም ሥሩ አይሰጠው። የብረት መድኃኒትም ክብደት መጨመር እስኪጀምር ይቆየው፤ አስቀድሞ ቢሰጥ ኢንፌክሽኑን ሊያብስ ይችላልና። 6 ወር ሞልቶት የኩፍኝ ክትባት ያልተከተበ እንደሆነም ይከተብ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ታላቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቴርሞሜትር፣ ብርድ ልብስ፣ መለኪያ ኩባያና ከሌሊቱ 9 ሰዓት የማይተኛ ሰው እንጂ። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ነገ ተረኛ እንሆናለን። የሚያለቅሰውን ሕፃን ሁሉም ይሰማዋል። እኛ ግን አስቀድመን ወደማያለቅሰው እንሂድ፤ እግሩንም እንዳስሰው።