ስለ ማኅበራችን መኪና መበላሸትና ስለ ዘገየው ድንኳን
(የማኅበሩ ፀሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የቆምነው ስለ መዋጮ ለማሳሰብ አይደለም፤ የመዋጮውን ነገር ገንዘብ ያዣችን ይነግሯችኋል። እኛ የምንናገረው በግንቦት 2016 ዓ.ም. በማኅበራችን ፒክአፕ ላይ ስለ ደረሰው ነገር ነው። በየደጁም በየቡናውም ብዙ ተወርቷል። ከተወራው ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ አይደለም። ስለዚህ ከእኛው ብትሰሙት ይሻላል ብለናል።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ብረት ድስቱንና በርሜሉን ለቅሶ ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ቶዮታ ናት፤ ሞተሯ 22 አር የሚባለው ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። አሮጌ ብትሆንም ጠንካራ ናት። ከፋሲካ በኋላ ግን ዳገት ስትወጣ መፍላት ጀመረች። ውሃ ስንሞላላት ትጨርሰዋለች፣ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ ነገር ግን አይታይም። በኋላ የዘይት መለኪያውን ብንመዘው ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ወጣ። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው፤ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ጋራዥ ወስደን ብንጠይቅ 38,000 ብር አሉን። ገንዘብ አልነበረንም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ነበረን። ነገር ግን በዚያው ወር ሁለት ሐዘን ደርሶብን ካዝናው ሳስቶ ነበር። ከኮሚቴው አንዱ በወጣትነቱ ጋራዥ ሠርቷል፣ ሌላውም የቆየ ሹፌር ነው። «ምን አለፋን፣ እኛው እንፈታታለን፤ ጓርኒሲዮኑን ከሶማሌ ተራ ገዝተን እንገጥማለን» ተባባልን። ዳኛችን ዝም አሉ። ዝም ሲሉ የተስማሙ መሰለን። ስብሰባ አልጠራንም፣ ቃለ ጉባኤም አልያዝንም፤ ያውም መዝገብ ጠባቂው በመካከላችን ቁጭ ብሎ።

ቅዳሜ ጠዋት ጀመርን። እውነቱን ለመናገር መፍታቱ ደስ ይል ነበር። የሠፈሩ ልጆች ከበውናል፣ ከየቤቱ ቡና ይመጣል፣ የሚመርቁንም አልጠፉም። አሥሩን የቴስታታ ብሎኖች ፈትተን ብናነሳው አልነሳ አለ። በካቻቪቴ ልንፈለቅቀው ስንል አንድ የሠፈራችን ወጣት «ቆዩ፣ ቆዩ! ከፊት በኩል ዘይት ውስጥ የተደበቀች አንዲት ብሎን አለች» አለን። እውነትም ከካምሻፍቱ ጥርስ ሥር፣ ዘይቱ ባቆረበት ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ብሎን ተገኘች። እሷ ሳትወጣ ብንፈለቅቅ ኖሮ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቅ ነበር። ልጁን እግዜር ይስጠው። የእኛ ዕድል ግን እዚያ ላይ አለቀ።

እሑድ አዲሱን ጓርኒሲዮን አስቀምጠን ማጥበቅ ጀመርን። አጠባበቁ ሥርዓት አለው። ከመካከል ተጀምሮ ወደ ዳርና ዳር ይኬዳል፤ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሦስት ዙር፤ በመጨረሻው ዙር ለዚህ ሞተር 78 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይህንን የሚለካው ቶርክ ሬንች የሚባል ቁልፍ ነው። እኛ ዘንድ አልነበረም። እስከ ሰኞ ብንቆይ እንከራይ ነበር። «ጥብቀት በእጅ ይታወቃል» አልንና የቁልፉ እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቱቦ ሰካንበት። አሁን ስናሰላው፣ በአንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ የሚያህል ጉልበት ብቻ ቢያርፍበት 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከሚፈለገው ሁለት እጥፍ ተኩል መሆኑ ነው! በዚያ ላይ ብሎኖቹ አሮጌዎቹ ነበሩ።

ሰባተኛው ብሎን መጀመሪያ ከበደ። ከዚያ ለሰስ አለ። ያን ጊዜ መተው ነበር፤ የለሰሰ ብሎን እየተሳበ ያለ ብሎን ነው። እኛ ግን ገና አልጠበቀም ብለን ደገምነው። «ቀጭ» አለ። እጁ የማን ነበረ ለምትሉ፣ የፀሐፊያችሁ እጅ ነበረ።

ግማሹ ብሎን እጃችን ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ቀረ። ቴስታታው እንደገና ወረደ፤ አዲሱም ጓርኒሲዮን ተጣለ፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ሁለተኛ አያገለግልምና። ሰኞ ቁራጩን ቦርቡረን በግራ ጥርስ ባለው ማውጫ ልናወጣው ሞከርን። ቀዳዳው ከመካከል ዘንበል ብሎ ስለ ወጣ ማውጫውም ውስጡ ተሰበረ። ይህ ከብሎኑ ይብሳል፤ ማውጫው እጅግ የጠነከረ ብረት ስለሆነ የመቦርቦሪያ ጫፍ አይበላውም። ማታ እጃችንን በላርጎ ታጥበን፣ ሳንነጋገር ወደየቤታችን ገባን።

ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ጥሩንባው ተነፋ።

ሟቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ማኅበሩ ሲቋቋም ጀምሮ የድንኳን ምሰሶ ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በሽተኛ ከሆኑ በኋላ እንኳ ከዘራቸውን ተደግፈው «ገመዱን ሳቡት፣ ላልቷል» ይሉን ነበር። የእሳቸው ድንኳን የሚሄድበት ቀን መኪናችን ሞተሯ ተገልጦ፣ ዕቃዋ በሳፋ ውስጥ ነበር። አይሱዙ ስንፈልግ፣ ሹፌሩን ስንለምን፣ ዕቃውን ስንጭን ረፈደ። ድንኳኑ የደረሰው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ዝናብ ወርዶ ለቀስተኛው ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ተለጥፎ ቆመ፤ አረጋውያን በጃንጥላ። የሟች ባለቤት ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ምንም አይደለም ልጆቼ፣ እናንተም ደክማችኋል» አሉን። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

የቀረው ባጭሩ ነው። ሞተሩን አውርደን ቶርኖ ቤት ወሰድነው። ባለሙያው የተሰበረውን ማውጫ በስል ብረት እየመታ ሰባብሮ ለቀመው፤ ከዚያም ቁራጩ ብሎን ላይ ዳዶ በይዶ፣ ቀዝቀዝ ሲል አዙሮ አወጣው። እኛ ሁለት ቀን የለፋንበትን! ቴስታታውንም ቀጥ ያለ ማስመሪያ አጋድሞ ሲያየው ጎብጧል። እኛ አላየንም ነበር። ብሎኑ ባይሰበር እንኳ ጓርኒሲዮኑ በወሩ ዳግመኛ ይቃጠል ነበር ማለት ነው። ተላገ።

አንድ ነገር ግን ላላችሁ መኪና ባለቤቶች ይጠቅማል። መነሻው ምን ነበር ብንለው የራዲያተሩን ክዳን አሳየን፤ ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ክዳኑ ግፊቱን ሲይዝ ውሃው ከ100 በላይም ሳይፈላ ይቆያል፤ ክዳኑ ሲያስተነፍስ ግን ሞተሩ በሚሠራበት ሙቀት ውሃው ይፈላል። እኛ ውሃ ስንጨምር ከርመን ክዳኑን አላየነውም። በነገራችን ላይ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን አትክፈቱ፣ ፊት ያቃጥላል።

ወደ ሒሳቡ እንመለስ። ለዕቃና ለቶርኖ ቤት 46,700 ብር፣ ለአይሱዙ ኪራይ 3,500 ብር፣ በድምሩ 50,200 ብር ወጥቷል። ጋራዡ ከጠየቀን በ12,200 ብር ይበልጣል። ይህንን ልዩነት መኪናዋን የፈታታነው ሦስታችን ከኪሳችን በሦስት ወር ከፍለን እናስገባለን። አንዳንዶቻችሁ «ለማኅበሩ ብላችሁ ነው፣ ይቅር» ብላችሁናል፤ እናመሰግናለን፣ ግን እንከፍላለን።

ለሟች ቤተሰብ በአርባቸው ዕለት ኮሚቴው በሙሉ ተገኝቶ ይቅርታ ጠይቋል። መኪናዋ አሁን ትሠራለች፤ ትሸጥ ወይስ ትቆይ የሚለውን ጉባኤው ይወስናል፣ እኛ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አንሰጥም። ደረሰኞቹ ከዚህ ወረቀት ጎን ተለጥፈዋል። የተሰበረው ብሎን ፀሐፊው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣ።