ለቀባሪው ማርዳት፤ ከጥቁር አሜሪካውያን መጻሕፍት ምን አገኘን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በንባብ ክበቡ ስም የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት በሞት የተለዩንን እያሰብን ለሐዘንተኞች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ኮሚቴው ከሒሳብ ሪፖርቱና ከምርጫው በፊት ይህችን አጭር ጊዜ ስለ ፈቀደልን ምስጋናችን የላቀ ነው።

እንደምታውቁት የንባብ ክበባችን ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ መዋጮ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እዚሁ አዳራሽ ቡና እየተፈላ የጥቁር አሜሪካውያንን መጻሕፍት እናነባለን። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች ስላሉ አንዱ እያነበበ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ሌላው ይጠይቃል፤ ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። «እድርና መጽሐፍን ምን አገናኛቸው?» የሚሉን ብዙዎች ናቸው። የዛሬው ንግግራችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በለቅሶ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የአንድ ወዳጃችን አማት አረፉ። የወዳጃችን ባለቤት ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ደንባችን የባል ወይም የሚስት ወላጅ ሲሞት ለአባሉ ይከፈላል ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም። ሆኖም «ደንቡ የወጣው ለእኛው ሰው ነው» የሚል ነገር ተነሣና ሁለት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ገንዘቡ ተከፈለ። ለቀብሩ ግን ከዚህ ሁሉ አባል መካከል የሄድነው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን። እንጀራ አልተጋገረ፣ ወጥ አልተሠራ፣ ቡና አልተፈላ። በኋላ ልናጽናናው ቤቱ ብንሄድ ወዳጃችን፣ «ገንዘብ ሰጣችሁኝ፤ ሰው ግን ነሣችሁኝ» አለን። መልስ አልነበረንም።

በዚያው ዕለት የሟቿ ታላቅ እኅት አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። እኛም ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብለን እድር ምን እንደ ሆነ እናስረዳቸው ጀመር። በየወሩ እንደምናዋጣ፣ ሰው ሲሞት ተሰብስበን እንደምንቀብር ነገርናቸው። አዛውንቷ እስክንጨርስ በትዕግሥት ሰሙን። ከዚያም እናታቸው በጆርጂያ ገጠር ሳሉ በየሳምንቱ ሳንቲም የሚያዋጡበት የቀብር ማኅበር እንደ ነበራቸው፣ የመዋጮው ደብተርም እስከ ዛሬ በእጃቸው እንዳለ አጫወቱን። «እናንተ ሳትመጡም እኛ እርስ በርሳችን እንቀባበር ነበር» አሉን። ለቀባሪው አረዱት ማለት መቼም ይህ ነው! ሃያና ሠላሳ ዓመት በአንድ ሰፈር ኖረን፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ውለን፣ ይህችን ታህል እንኳ አናውቅም ነበር። አፍረን ወጣን። ክበቡም የተወለደው ከዚያ እፍረት ነው።

መጀመሪያ ያነበብነው በ1794 በፊላደልፊያ የታተመ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዎቹ ሪቻርድ አለንና አብሳሎም ጆንስ ይባላሉ። ሁለቱም በባርነት ተወልደው በኋላ ነፃ የወጡ ሰዎች ናቸው። በ1787 ወዳጆቻቸውን ሰብስበው «የነፃ አፍሪካውያን ማኅበር» የሚባል አቁመው ነበር። የማኅበሩን ደንብ ስናነብ የራሳችንን ደንብ ያነበብን መሰለን። አባሉ በየወሩ አንድ ሺሊንግ ያዋጣል። አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ለተቸገረ አባል በሳምንት 3 ሺሊንግ ከ9 ፔንስ ይሰጠዋል። የሟች ሚስትና ልጆች ይረዳሉ። ሰካራም አይገባም። መዋጮውን ሦስት ወር ያልከፈለ፣ ተነግሮት እንቢ ካለ ይሰረዛል። ይህን ሲሰማ ገንዘብ ያዣችን «ይኸውላችሁ! እኔ ስናገር ክፉ ነው ትሉኛላችሁ» ብሎ አሣቀን።

በ1793 በዚያች ከተማ ቢጫ ወባ ገባና ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። መሄጃ ያለው ሁሉ ሸሸ። በጊዜው ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ በሽታው ጥቁሮችን አይዝም ብሎ ስላመነ እንዲረዱ ለመናቸው። እነርሱም በየቤቱ እየገቡ በሽተኛ አስታመሙ፣ ዘመድ የሸሸውን ሬሳ እያነሡ ቀበሩ። የሐኪሙ እምነት ስሕተት ነበር፤ ከእነርሱም ብዙ ሰው ሞተ። በሽታው ካለፈ በኋላስ? ማቲው ኬሪ የሚባል አሳታሚ አለንንና ጆንስን አመስግኖ፣ ከሌሎቹ ጥቁር አስታማሚዎች ግን ከልክ ያለፈ ዋጋ የጠየቁና የሰረቁ አሉ ብሎ በመጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉም እየተደጋገመ ታተመ።

ሁለቱ ሰዎች የመለሱት እንደ አንድ ጥሩ እድር በሒሳብ ነው። ለቀብር ሥራ የተቀበሉት ጠቅላላ ገንዘብ 233 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ከ4 ፔንስ። ያወጡት፣ ማንም ላልከፈለባቸው የሬሳ ሣጥኖች 33 ፓውንድ፣ ለአምስት ቅጥር ሠራተኞች 378 ፓውንድ፣ በድምሩ 411 ፓውንድ። ከኪሳቸው የጎደለው 177 ፓውንድ ከ9 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ። ገንዘብ ያዣችን እርሳሱን አውጥቶ፣ ሃያ ሺሊንግ አንድ ፓውንድ፣ አሥራ ሁለት ፔንስ አንድ ሺሊንግ እያለ ቀንሶ አየውና «ልክ ነው፤ ሳንቲም አልጎደለም» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር። ሰው ቀብረው ስማቸው ጠፋ፤ ስማቸውን ለማንሣት ደግሞ ደረሰኝ ማቅረብ ነበረባቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍትሕ የሚለው ቃል ለእኛ የአደባባይ ቃል ብቻ አይደለም። የሠራ ሰው ሥራው በትክክል ይመዝገብለት ማለት ነው።

ቀጥለን በ1845 የታተመውን የፍሬድሪክ ዳግላስን የሕይወት ታሪክ አነበብን። ዳግላስ ልጅ ሳለ በባልቲሞር እመቤቲቱ ፊደል ልታስተምረው ጀምራ ነበር። ባሏ ያነበበ ባሪያ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁም ለሰፈሩ ድኻ ነጭ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ንባብን ከእነርሱ ለቀመ። በ1895 እስኪሞት የኖረበት ቤት እዚሁ ዋሽንግተን፣ አናኮስቲያ ኮረብታ ላይ አለ። ስንቶቻችን በሥሩ በመኪና እናልፋለን!

ይህን መጽሐፍ ባነበብንበት ቅዳሜ አንዲት እናታችን ሲኒያቸውን አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «በአያቴ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ውኃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ እኔን አዝሎ ያሳደገ። ስሙን ግን አላስታውሰውም።» ማንም አልተናገረም። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ቃሉ ግን ዛሬም ከአፋችን አልወጣም። ጎረቤቶቻችንን፣ አብረውን የሚሠሩትን ሰዎች፣ አማርኛ አይሰሙም ብለን በዚያ ቃል የምንጠራ አለን። እነርሱ አይሰሙ ይሆናል፤ ልጆቻችን ግን ይሰማሉ። እንግዲህ የጥቁር አሜሪካውያንን መጽሐፍ ስናነብ የሌላውን በደል ብቻ የምናነብ መስሎን ነበር። የራሳችንንም አገኘነው።

ለእድርተኛ ከሁሉ የከበደው የዞራ ኒል ኸርስተን ነገር ነው። በ1920ዎቹ ጆርጂያ ዳግላስ ጆንሰን የምትባል ባለቅኔ፣ ዛሬ ምግብ ቤቶቻችንን ከምናውቅበት ከዩ ስትሪት ብዙም በማይርቀው ኤስ ስትሪት ባለው ቤቷ ቅዳሜ ማታ ጸሐፊዎችን ትሰበስብ ነበር። ላንግስተን ሂውዝም ዞራም ከእንግዶቿ መካከል ነበሩ። ዞራ በ1937 ትልቁን ልብ ወለዷን አሳተመች። በ1960 ፍሎሪዳ ውስጥ በችግረኞች መጠለያ ስትሞት ግን የቀብሯ ወጪ የተሸፈነው በመዋጮ ነው፤ በመቃብሯም ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልቆመም። በ1973 አሊስ ዎከር የምትባል ወጣት ደራሲ ዘመዷ ነኝ ብላ ጠያይቃ፣ ወገብ በሚደርስ አረም ውስጥ ገብታ መቃብሩን ፈለገችና ድንጋይ አቆመችላት። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ! እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ አለቀሱ። አንዷም «ዘመድ ነኝ ያለችው ውሸት አይደለም፤ ሐውልት ያቆመ ዘመድ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ከማንም አልሰማንም።

በ1963 ከወጣው የጄምስ ቦልድዊን መጽሐፍ ውስጥ ለወንድሙ ልጅ የጻፈውን ደብዳቤ ያነበብን ዕለት ደግሞ ልጆቻችንን ጠርተን ነበር። አንድ አባት ለልጁ «ፖሊስ ቢያስቆምህ ኢትዮጵያዊ ነኝ በል» ይለው እንደ ነበር ተናገረ። ልጁም «አባዬ፣ ያስቆመኝ ፖሊስ እኮ አገሬን አልጠየቀኝም» አለው። ይህን ልጁ ለአባቱ ነግሮት አያውቅም ነበር። መቼ እንደ ቆመ፣ የት እንደ ቆመ፣ እጁን የት እንዳደረገ ያን ቀን ገና ሰማን። መጽሐፉ ባይኖር ያ ወሬ ከቤት ባልወጣም ነበር።

አንዳንድ አባሎቻችን «ፖለቲካ ወደ እድር አታስገቡ» ይሉናል። ስጋታቸው ይገባናል። ፖለቲካ በአገራችን ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ እድራችንም ጸንቶ የቆየው ሁሉንም አቻችሎ ስለያዘ ነው። በክበባችን ማንንም ይህን ምረጡ፣ ያን ጣሉ አንልም። ነገር ግን የጎረቤትን ሐዘን ማወቅ ፖለቲካ ከተባለ እድርም ፖለቲካ ሊባል ነው።

ደግሞስ ዕዳ የለብንም ወይ? በ1964 የሲቪል መብት ሕግ ወጣ። በ1965 ለአውሮፓውያን ያደላ የነበረው የስደተኛ ኮታ ተሻረ። በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ፣ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በቀለም ማበላለጥን የሚከለክለው ሕግ ተፈረመ። ዛሬ የምንኖርበትን ቤት የገዛነው፣ ልጆቻችንን የምናስተምረው፣ ሌሎች ተደብድበውና ሞተው ባስከፈቱት በር ገብተን ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን፣ በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ሲወር ጥቁር አሜሪካውያን በየቤተ ክርስቲያናቸው ገንዘብ አዋጡ፣ በየአደባባዩ ጮኹ። እዚሁ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ሲያቋቁሙ፣ አብረዋቸው የደከሙት ባለቤታቸው ዶሮቲ ሃድሊ ጥቁር አሜሪካዊት ነበሩ። ለቅሶ ብድር ነው እንላለን። እነርሱ በእኛ ለቅሶ ቀድመው ደርሰዋል፤ እኛ ግን በእነርሱ ለቅሶ አራት ሰው ላክን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በደንባችን ላይ «የባል ወይም የሚስት ወላጅ» ከሚለው ቀጥሎ «ከየትኛውም አገርና ዘር ቢሆን» የሚል ይጨመርልን፤ ዳግመኛ ሬሳ አስቀምጠን እንዳንከራከር። ሁለተኛ፣ ለእንዲህ ያለውም ለቅሶ ተረኛው ቡድን እንደ ማንኛውም ለቅሶ እንጀራውንና ወጡን ይዞ ይውጣ፤ የቀረም እንደ ደንቡ ይቀጣ። ሦስተኛ፣ ከእድሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አንጠይቅም፤ መጽሐፍ የምንገዛው ከየኪሳችን ነው። የምንለምነው ቅዳሜ ስትመጡ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ብቻ ነው።

የዚያ ወዳጃችን ባለቤት ዛሬ ከክበባችን አንባቢዎች አንዷ ናት፤ ስንሳሳት ታርመናለች፤ እኛም አማርኛዋን እናርማለን። ያቺን የመዋጮ ደብተር የያዙት አክስቷም ደኅና ናቸው፤ ዕድሜ ይስጥልን። የሰው ልጅ ሁሉ ግን ቀኑ አይቀርም። ቀኑ ሲደርስ ከዚህ አዳራሽ ስንት ሰው ይነሣል? መልሱን ለእናንተ ትተን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።